ድምፁ ዝቅ ሲል ቃሉ የማይጠፋ ስፒከር፦ ለቤታችን ምን ዓይነት እንግዛ?

በፎቅ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጭቅጭቅ አለ። አያት ዜናው እንዲገባቸው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። የማታ ፈረቃ ሠርቶ የተኛው አባት ይነቃል። ነገ ፈተና ያለባት ልጅ በሯን በኃይል ትዘጋለች። ቆይቶም ከታች ያለው ጎረቤት መጥቶ ያንኳኳል። ድምፁ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ሌላው ሁሉ ያርፍና አያት ብቻ ምንም ሳይገባቸው ምስሉን እያዩ ይቀመጣሉ። በማኅበራዊ ሠራተኝነት ሥራዬ ወደ ብዙ ቤቶች እገባለሁና ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጉዳዩ የሚነገረኝ "አባባ ጆሯቸው ደክሟል" ወይም "ጎረቤቶቹ አይወዱንም" ተብሎ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ሳሎን ውስጥ ያለው ስፒከር ነው።

ስፒከር የምንለውን ዕቃ በአማርኛ ድምፅ ማጉያ እንለዋለን፤ በዕብራይስጥ ደግሞ ራምኮል ይባላል። ራም ማለት ከፍ ያለ፣ ኮል ማለት ድምፅ ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ስሙ የሚነግረን ሥራው ማጉላት እንደሆነ ነው። ሻጩም የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍቶ "ስሙ እንዴት እንደሚያናውጥ!" ይላል። ግድግዳውን፣ ወለሉንና ጣሪያውን ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋራ ሰው ግን ዕቃውን በዚያ ድምፅ የሚጠቀምበት ቀን በዓመት ስንት ነው? እኛ የሚያስፈልገን ዝቅ ብሎ ሲናገር ቃሉ የሚለይ፣ ዝቅ ብሎ ሲዘፍንም ከበሮው የማይጠፋ ስፒከር ነው። ሲጮህ የሚያምር ስፒከር ሁሉ ዝቅ ሲል አያምርም። ምክንያቱን ካወቅን መምረጡ ብዙም አይከብድም።

<b>ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ምን ይሆናል?</b>

እ.ኤ.አ. በ1933 ሃርቪ ፍሌቸር እና ዊልደን መንሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በቤል ላብራቶሪ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ጥናቱ የሰው ጆሮ ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ድምፅን እኩል እንደማይሰማ የሚያሳይ ነበር። ድምፁ በጣም ከፍ ሲል ልዩነቱ ይጠባል፤ ዝቅ ሲል ግን ይሰፋል። ቀድሞ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት የሚለካው በኸርዝ ነው፤ አንድ ነገር በሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ማለት ነው። የድምፅ ጉልበት ደግሞ በዲሲቤል ይለካል። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠራበት መለኪያ መሠረት፣ 1000 ኸርዝ የሆነ መካከለኛ ድምፅ በ40 ዲሲቤል ሲሰማን፣ 100 ኸርዝ የሆነው ወፍራም ድምፅ ለጆሯችን ከእርሱ እኩል ሆኖ እንዲሰማ ወደ 64 ዲሲቤል መድረስ አለበት። የ24 ዲሲቤል ልዩነት ቀላል አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፣ 10 ዲሲቤል ሲጨመር ጆሯችን ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል።

እንግዲህ በስቱዲዮ ከፍ ባለ ድምፅ እየተሰማ የተቀናበረ ዘፈን እኛ ቤት ከምሽቱ 22:00 ላይ በዝቅታ ሲከፈት ምን ይሆናል? ክራሩ ይሰማል፣ ከበሮው ግን የለም። ቤዝ ጊታሩ የት እንደገባ አይታወቅም። ዘፋኙም ከደረቱ ሳይሆን በአፍንጫው የሚዘፍን ይመስላል። ያን ጊዜ እጃችን ሳናስበው ድምፁን ወደ መጨመር ይሄዳል። ጠፋ ያልነው ከበሮ እንዲመለስ ብለን ሁሉንም ከፍ እናደርጋለን፤ ጎረቤቱም ይመጣል።

በድሮዎቹ አምፕሊፋየሮች ላይ "ላውድነስ" የምትል አንዲት ቁልፍ ነበረች። ብዙ ሰው ድምፅ ለመጨመር የተሠራች ይመስለዋል። ሥራዋ ግን ሌላ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሯችን የሚያጎድለውን ወፍራም ድምፅ፣ በብዙዎቹም ላይ ቀጭኑን ጭምር፣ መልሳ ትሞላለች። በዝቅታ ለመስማት የተሠራች ናት ማለት ነው። በዛሬዎቹ ዕቃዎች ላይ ይኸው ሥራ በኮምፒውተር የሚሠራ ሲሆን አንዳንዶቹ ድምፁን በቀነስን ቁጥር ወፍራሙን ራሳቸው ይጨምራሉ። ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር በዝቅታ ስትሰማ ከመጠኗ በላይ ሞላ ያለ ድምፅ የምታወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁ እስከ ጫፍ ሲከፈት ደግሞ ያ ወፍራም ድምፅ ይቀንሳል፤ ትንሿ ሳህኗ ያን ያህል አየር መግፋት አትችልምና።

<b>ለዘፈን የሚበጀው ለንግግር አይበጅም</b>

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ግራ ይጋባል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰሚ አለ። ወጣቱ ዘፈን ይፈልጋል፤ ለእርሱ የሚጠፋበት ወፍራሙ ድምፅ ነው። አያቶች ደግሞ ንግግር ይፈልጋሉ፦ የቴሌቪዥን ዜና፣ የቄሶች ጸሎት ቅጂ፣ የራዲዮ ውይይት። እ.ኤ.አ. በ1991 ለአዲስ መጪዎች የተከፈተውና ከ2017 ወዲህ በካን ሥር የሚገኘው ሬቃ ራዲዮ ለስንት አዛውንት ብቸኛው የአማርኛ የዜና በር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በስግድ ቀን ወደ ኢየሩሳሌም መጓዝ ያልቻሉ እናት ጸሎቱን የሚከታተሉት ከሳሎናቸው ሆነው ነው። ለእነዚህ ሰሚዎች የሚጠፋባቸው ቀጭኑ ድምፅ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ሲሆን፣ በንግግር ውስጥ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ደግሞ እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት እና ጽ ያሉት ናቸው። "ሰማ"፣ "ሸማ" እና "ጠማ" የሚሉትን ሦስት ቃላት ብንወስድ የሚለያቸው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት። ያቺ ፊደል ከጠፋች ሦስቱም አንድ ይሆናሉ። አዛውንቶች "እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም" የሚሉት ለዚህ ነው። ይህ አነጋገር የድካም ወይም የመዘንጋት ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ሰውየው የሚናገሩት ልክ የሆነውን ነገር ነው፤ አናባቢው ይደርሳቸዋል፣ ተነባቢው ይቀራል።

እንዲህ ላሉ ሰሚዎች ወፍራሙን ድምፅ መጨመር ነገሩን ያብሰዋል፤ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን ይሸፍናልና። ስለዚህ አንድ ስፒከር ለመላው ቤተሰብ ከተፈለገ በቀላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለወጥ መሆን አለበት። ሳውንድባር የሚባሉት ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጡት ረጃጅም ስፒከሮች ብዙዎቹ ንግግርን የሚያጎላ ቁልፍ አላቸው። በሪሞቱ ላይ "ቮይስ" ወይም "ክሊር ቮይስ" የሚል ነው፤ መካከለኛውን ድምፅ ያነሳል። "ናይት ሞድ" የሚባለው ደግሞ ፍንዳታውንና ማስታወቂያውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። በማታ ፊልም የሚያይ ቤተሰብ ሪሞቱን ይዞ ሲጨምር ሲቀንስ ከማምሸት ይድናል። እነዚህ ሁለት ቁልፎች ለእኛ ቤት ከማንኛውም የዋት ቁጥር ይበልጣሉ ባይ ነኝ።

ቴሌቪዥኑ ራሱ ስፒከር አለው፤ ለምን ሌላ ያስፈልጋል? የሚል ይኖራል። ዛሬ ቴሌቪዥን ስስ ሆኗል። ስፒከሮቹም ጠበው በአብዛኛው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞረዋል። ተናጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚያወራ ቁጠሩት።

ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። አዛውንቱን በኩፓት ሆሊም በኩል ወደ ጆሮ ምርመራ ውሰዱ። የቤተሰብ ሐኪሙ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይልካችኋል። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። የመስሚያ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ከሆነም እርሱ ይቅደም፤ ስፒከር የእርሱን ቦታ አይተካም። ምርመራው ላይ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሯቸው ይግባ። በዕብራይስጥ ቃላት ሲፈተኑ ቃሉ ያልገባቸው ጆሯቸው ስላልሰማ ነው ወይስ ቋንቋውን ስላላወቁት? ይህ ለመርማሪው ካልተነገረ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

<b>ቤቱ ራሱ ግማሹ ስፒከር ነው</b>

በአገር ቤት ጎጆ ውስጥ ሰው ሲያወራ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። የሣር ክዳኑ ድምፅን ይውጣል፤ በቤቱ ውስጥ ያለው እህል፣ ቁርበትና ጋቢም ይውጣል። የእስራኤል ፎቅ ቤት ግን ወለሉ ባላጣ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቤቶን ነው። ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንከባለለ ይመላለሳል፤ የአንዱ ቃል ጭራ በሚቀጥለው ቃል ራስ ላይ ይወድቃል። በተለይ ማማድ፣ ከ1992 ወዲህ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ውስጥ የገባው መጠለያ ክፍል፣ ዙሪያውን ቤቶን በመሆኑ ያስተጋባል። በብዙ ቤተሰብ ደግሞ አያት የሚተኙት እዚያው ነው፤ ራዲዮአቸውም እዚያው ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በስፒከሩና በሰሚው መካከል ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ። መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ ይሰቀል። ባዶ ግድግዳ ካለ የመጽሐፍ መደርደሪያ ወይም የተሸመነ ጨርቅ ይቀመጥበት። ይህንን አድርጎ አሮጌው ስፒከር ራሱ ሲገባው ያየ ቤተሰብ አለ፤ አዲስ መግዛቱን ትቶታል።

ከዚህም በተጨማሪ ርቀት አለ። ሜዳ ላይ ከስፒከር ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ ክፍል ውስጥ መቀነሱ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው መልሶ የሚያመጣው የተንከባለለውን ድምፅ ነው። ስለዚህ አራት ሜትር ርቆ ከሚጮህ ትልቅ ስፒከር፣ ከአያት ወንበር አጠገብ በአንድ ሜትር ላይ በቀስታ የሚናገር ትንሽ ስፒከር ይሻላል። ለንግግር አንድ ደህና ስፒከር ይበቃል፤ ሁለት ርካሽ ከመግዛት አንድ የተሻለ መግዛት ነው። ከቴሌቪዥን ጋር በብሉቱዝ ካያያዛችሁት ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። በሽቦ ማያያዝ ወይም ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራውን አስተላላፊ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

"ለአባባ የጆሮ ማዳመጫ ገዝተንላቸዋል" የሚሉኝ ቤተሰቦች አሉ። ጎረቤቱን ያሳርፋል፣ ቤቱንም ያሳርፋል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን አባባ ማዳመጫውን ካደረጉ በኋላ ማንም አያናግራቸውም። የልጅ ልጃቸው "አያቴ፣ ምን አለ?" ብላ የምትጠይቅበት ዜናም ለብቻቸው ይሆናል። ለሌሊት ይሁን፤ ቤተሰብ ለተሰበሰበበት ሰዓት ግን ከወንበሩ አጠገብ ያለውን ትንሽ ስፒከር እመርጣለሁ።

ቦታውን በተመለከተ፦ ስፒከሩ በተቀመጠ ሰው የጆሮ ከፍታ ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ሰሚው ያዙር፤ ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ስለሚሄድ ወደ ጎን ሲሆን ይጠፋል። ቡፌ ውስጥ አትክተቱት። እንዲያምር ብላችሁም ጥልፍ ዳንቴል አታልብሱት፤ እናቶቻችን ሲያዩት ባዶ ይመስላቸዋል፣ ጨርቁ ግን ቀድሞ የሚይዘው ያንኑ ለአዛውንት የሚያስፈልገውን ቀጭን ድምፅ ነው። ከግድግዳ አጠገብ ሲቀመጥ ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፤ በዝቅታ ለሚሰማ ዘፈን ይህ ጥሩ ነው። ግድግዳው ግን ጎረቤት የሌለበት፣ ወደ ውጭ ያለው ይሁን።

<b>ጎረቤት የሚሰማው ምንድን ነው?</b>

ጎረቤት ቃላችንን ወይም ክራሩን አይሰማም። ግድግዳው ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ ያስቀረዋል። የሚያልፈው ወፍራሙ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። እኛ "እኮ ዝቅ አድርገነዋል" ስንል እርሱ የሚሰማው የማያቋርጥ ድብደባ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ጠቡ የሚከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በተለይ ሳብውፈር የሚባለው፣ ወለል ላይ የሚቀመጠው የወፍራም ድምፅ ሳጥን፣ ንዝረቱን በቀጥታ ለቤቶኑ ያቀብላል። በዝቅታና በልክ ከተደረገ ዘፈኑን ያሟላል፤ እምቢ አልልም። ነገር ግን ለሺኩን ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ካላችሁ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ አድርጉለት፣ ከጋራ ግድግዳ አርቁት፣ መጠኑንም ከዋናው ስፒከር ለይታችሁ ቀንሱት። ማታ ላይ ማጥፋት ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ የመረበሽ መከላከያ ሕግ አለ። በ1992 በወጣው የጩኸት መከላከያ ደንብ መሠረትም በመኖሪያ አካባቢ ጎረቤትን የሚረብሽ ከፍ ያለ ሙዚቃና ጩኸት ከቀኑ 14:00 እስከ 16:00 እንዲሁም ከምሽቱ 23:00 ጀምሮ ሌሊቱን ክልክል ነው። የቀኑን ሁለት ሰዓት ብዙ ሰዎቻችን አያውቁትም። በዓርብ ከሰዓት ቤት እየጸዳ ሙዚቃ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው። ጎረቤት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ 106 ወይም ወደ ፖሊስ 100 ከመደወሉ በፊት ሄዶ "ከየትኛው ክፍል ነው የሚሰማችሁ?" ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። መልሱ ስፒከሩን ወደ የትኛው ግድግዳ እንደምታዛውሩት ይነግራችኋል።

<b>ሱቅ ውስጥ</b>

ካርቶኑ ላይ "1000 ዋት" የሚል በትልቁ ተጽፎ ታያላችሁ። አትደነቁ። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዲሲቤል ብቻ ሲሆን፣ በዝቅታ ስንሰማ ደግሞ የምንጠቀመው ከአንድ ዋት እጅግ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ትልልቆቹ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ለአፍታ ብቻ የሚደረስባቸው ናቸው፤ የእውነቱ "አር.ኤም.ኤስ" ተብሎ በትንሹ የሚጻፈው ነው። እንግዲህ ለቁጥሩ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ባለ ጎማው፣ ባለ መብራቱ፣ ለሠርግ የሚሆነው ካራኦኬ ስፒከርም ለሳሎን የተሠራ አይደለም፤ ለድግስ መከራየት ይቻላል።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ድምፅ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፦ አንድ የአማርኛ ዜና፣ አንድ በክራር ወይም በማሲንቆ የተዘፈነ፣ አንድ ከበሮ ያለበት። ሻጩ የሚከፍትላችሁ ዘፈን ዕቃው እንዲያምርበት የተመረጠ ነው። ከዚያም ድምፁን እንዲቀንስ ጠይቁት፤ ሁለት ሰው በላዩ ላይ ሳይጮህ የሚያወራበት ደረጃ ድረስ ይውረድ። ሁለት ሦስት ሜትር ራቁና አድምጡ። ዜና አንባቢው "ሰ" እና "ሸ" ሲል ይለያል? የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ ይሰማል? ከበሮው ደክሞም ቢሆን አለ? አዛውንቱም አብረው ይሂዱ፤ በእርሳቸው ጆሮ እኛ አንሰማም። ሱቅ ከቤት ይልቅ ጫጫታ ስላለው ሰው በማይበዛበት ጠዋት መሄድ ይሻላል።

ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ ድምፃቸው እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሻጭ ይህንን ያውቃል።

በዝቅታ ለሚሰማ ሰው ብቻ የሚታዩ፣ ማንም የማይነግራችሁ ጥቂት ጉድለቶችም አሉ። ድምፁን በአንድ ደረጃ ስትጨምሩ ከ"አይሰማም" ወደ "በጣም በዛ" የሚዘል ከሆነ ለማታ አይሆንም። ምንም ሳይከፈት "ሽሽሽ" የሚል ከሆነም ቀስ ያለውን ንግግር ይሸፍነዋል፤ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ስሙት። ሁለት ስፒከር ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር ሲሆን ቁልፉ መጀመሪያው ላይ ሳለ አንዱ ወገን ብቻ ሊጮህ ይችላል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን በራሱ የሚጠፋው ነው። ብዙ አዳዲስ ስፒከሮች መብራት ለመቆጠብ ሲባል የሚመጣላቸው ድምፅ ደካማ ሲሆን "ማንም የለም" ብለው ይተኛሉ። አያት ራዲዮውን ዝቅ አድርገው እየሰሙ ሳለ ድርግም ይላል፤ "ተበላሸ" ተብሎም ይጣላል። ይህን የሚያስቀር ማብሪያ ወይም ትእዛዝ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለውም የቴሌቪዥኑን ወይም የስልኩን ድምፅ ከፍ፣ የስፒከሩን ደግሞ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ለዘፈን የሚሆን ጥሩ ነገር በአነስተኛ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ያድ ሽኒያን ይመልከት። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት አሮጌ ስፒከሮችና "ላውድነስ" ያለው አምፕሊፋየር ለማታ ድምፅ ከብዙ አዲስ ዕቃ ይበልጣሉ። በሳህኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራልና ከመክፈላችሁ በፊት ሽፋኑን አውልቃችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ ንኩት።

በመጨረሻም ስለ አከፋፈሉ። "በወር ትንሽ ናት" ተብሎ በ24 ወይም በ36 ታሽሉሚም የተሸጠ ትልቅ የቤት ሲኒማ ተበላሽቶ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ክፍያው ግን ከባንክ መውረዱን የቀጠለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ጠቅላላ ዋጋውን በአንድ ቁጥር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ከሱቅ የተገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋጋው ከ50 ሸቅል በላይ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ የሚችል ሲሆን፣ ቤት ወስዳችሁ መብራት ላይ ከሰካችሁት ግን እንደተጠቀማችሁበት ስለሚቆጠር ይህ መብት ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ማዳመጥ ያለባችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ሲሆን ዕቃው ከደረሳችሁ ጀምሮ 14 ቀን አላችሁ። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና የአዲስ መጪነት ወረቀት ካገኙ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር ንግግር የተደረገበት ከሆነ ጊዜው እስከ አራት ወር ይዘልቃል። ሻጩ ለስረዛው ሊያስከፍል የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ቀኑንም ጻፉበት፤ ደረሰኙንና ካርቶኑን እስከዚያው አትጣሉ።